እናቴ የዘፈነችበት ፊልም

«ይድገሙት» አልኋቸው።

አያ ልየው ካፖርታቸውን ከምድጃው አጠገብ ሰቅለው፣ ፊታቸውን ወደ እናቴ አዙረው ደገሙት። «ያዳንኋችሁ እኔ ነኝ። ያን ቀን ለጣልያኖቹ የአርበኛ ለቅሶ ነው ብዬ ብተረጉም ኖሮ ማናችሁም አትተርፉም ነበር። አንች የአርበኛ ሚስት ነሽ፤ ቃልሽ ይሰማል። የአርበኞችን ስም ከሚመዘግቡት ሽማግሌዎች ፊት ቀርበሽ የውስጥ አርበኛ ነበር በይልኝ። ሌላ ምን ለመንሁሽ?»

እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ ቀና አላለችም። ዝናብ የመታው ካፖርት በእሳቱ ሲተን እርጥብ ሱፍ ሸተተኝ። ይህን ካፖርት መጀመሪያ ያየሁት በጣልያን ዘመን ነው።

አባቴ ጫካ ሲወድቅ እኔ ደብረ ኤልያስ አጎቴ ዘንድ ተደብቄ ነበርና የአባቴን ለቅሶ ያየሁት ጣልያን ባሳየኝ ፊልም ነው። ወደ ማርቆስ በተመለስሁ ሰሞን ገበያው ዳር ካለው ግንብ ላይ ነጭ አቡጀዴ ወጥረው፣ ሕዝቡን በግድ ሰብስበው፣ ያ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ መኪናቸው ብርሃን ሲተፋ፣ የአባቴ በቅሎ ከነጌጧ ብቅ አለች፤ ጋሻውና በርኖሱ ተከተሉ፤ ወንዶቹ ሲፎክሩ፣ ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲዘረጉ አየሁ። ጩኸታቸውን አውጥተው ጥሩምባና ከበሮ አስገብተውበታል። አስተርጓሚው አያ ልየው አዲሱን ካፖርት ለብሰው፣ «የጎጃም ሕዝብ በጣልያን መምጣት ደስታውን ሲገልጽ!» ብለው አወጁ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «ደስታችን እንዲህ ከሆነ፣ እግዜር ከኀዘናችን ይሰውራቸው» ሲል ሰማሁት። እኔ ግን እናቴን አይቼ ደርቄ ነበር። ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች።

የአባቴ መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ከማግስቱ ጀምሮ የፊልሙን ቦታዎች እንደ መቃብር እየዞርሁ ጎበኘሁ። የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ የፈረሰውን ካብ፣ በቅሎዋ የተንሸራተተችበትን ረግረግ አንድ በአንድ አገኘኋቸው፤ በፊልሙ ሁሉም አመድ መስሎ ነበርና እዚህ ሣሩ አረንጓዴ መሆኑ አናደደኝ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ጥድ ነበረች። በፊልሙ ላይ እናቴ በቅሎዋን ተከትላ ስታልፍ የጥዷ ጥላ ካቡ ላይ አርፏል፤ ስትስቅ ግን መንገዱን ተሻግሯል። ከሥሯ ቁጭ ብዬ ዋልሁ። ጥላዋ ጧት ካቡ ላይ ነው፤ መንገዱን የሚሻገረው ከቀትር በኋላ ነው። ለቅሶው ሁለት ጊዜ ተለቅሷል።

ለምን ብዬ እናቴን አልጠየቅኋትም፤ ያን ሳቅ ፈራሁት። እንደ ጥሬ እያመነዠክሁት አደግሁ። ፊደል ቆጥሬ ግጥም መሞካከር የጀመርሁትም አያ ልየውን የሚያቃጥል ቃል ፍለጋ ነው።

«የጧቱስ ለማዳን ይሁን» አልኋቸው። «የጥዷ ጥላ መንገዱን ከተሻገረ በኋላ የተለቀሰውስ?»

«ፊልም አንሺው ፈረንጅ ብርሃኑ አልጣመኝም አለ» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ድገሙት አለ። ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«አልሰማሁም፤ ይድገሙት።»

«አንተ ልጅ፣ ተው!»

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። «ፈረንጁ ድገሙት ብቻ ነው ያለው» አለች። «ጥርስሽን አሳዪ ያልኸኝ አንተ ነህ፣ አያ ልየው። እንቢ ስልህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ፣ ልጅሽን የት እንደደበቅሽው አውቃለሁ አልኸኝ። አሳየሁህ።»

ስንት ዓመት ያከማቸሁት ስድብ ሁሉ አነሰብኝ። ፊልሙን ጣልያን ይዞት ሄዷል፤ አባቴን የሸኘንበት ሌላ ምስል የለንም። እናቴን በሆዴ እየከሰስሁ ያደግሁበትን ልጅነትም የሚመልስልኝ የለም።

እናቴ ተነሥታ ካፖርቱን ከተሰቀለበት አወረደችና ሰጠቻቸው። ገና አልደረቀም። አያ ልየው እጅጌው እየተጣበቀባቸው ለበሱት።

«ከመሄድህ በፊት» አለች ከደጃፉ ላይ፣ «እስቲ ጥርስህን አሳየኝ።»

ከንፈራቸውን ገጥመው ዝናቡ ውስጥ ወጡ። በሩን ዘጋችው።