ለአለቃ ጎሱዋን መቃብር የተኛው ሰው

የቱርኔ ከተማው ድንጋይ ጠራቢ ኮላር ዕድሜውን የጨረሰው በወንዙ ዳር ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። መላእክት፣ የወይን ሐረግ፣ ከጣሪያ ላይ የዝናብ ውኃ የሚተፉ አውሬዎች ሲጠርብ ሃምሳ ዓመት ሞላው። አውሬዎቹን ይወዳቸው ነበር። አንደኛውን የአማቱን ፊት አስመስሎ ነው የሠራው ይባላል፤ እሱም አልካደም። በስተርጅና የመጣው ፋሽን ግን አንገሸገሸው። ባለጸጋ የተባለ ሁሉ በመቃብሩ ላይ የገዛ ሬሳው በስብሶ እንዲቀረጽለት ይፈልግ ጀመር፤ ትል የወረረው፣ ዐይኑ ላይ እንቁራሪት የተቀመጠበት፣ ሆዱ የተሰነጠቀ። ትሕትና ነው ይላሉ። ይህን ትሕትናቸውን ታዲያ በቁማቸው እየመጡ ይጎበኙታል፣ ትሉ አነሰ ብለውም ይቆጣሉ።

አለቃ ጎሱዋን የካቴድራሉ ካህን ነበሩ፤ ሲቀመጡ ወንበር የሚያቃስትላቸው ሰው። መቃብራቸው ባለሁለት ደርብ እንዲሆን አዘዙ፤ ላይ በልብሰ ተክህኖ፣ ታች ራቁታቸውን፣ ሥጋቸው አልቆ። ኮላር የሳቸውን ገላ አይቶ ሬሳ መቅረጽ እንደማይችል ገብቶታል። የጠገበ ሰው የጎድን አጥንት አይታይም፣ ሌላ ሰው ቢፈለግልኝ አላቸው። ይህን ያለው ራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

በማግስቱ ሎታርን ላኩለት። ሎታር ቀድሞ ሸማኔ ነበር፤ ሳል ከያዘው ወዲህ በካቴድራሉ ሰሜን በር ተቀምጦ ይለምናል። ሥራው ኮላር በሚጠርብበት ዳስ ውስጥ ሳንቃ ላይ ራቁቱን በጀርባው መተኛት ነው። አለቃ በቀን አንድ ጥቁር ዳቦና ቀጭን ቢራ ቆረጡለት፤ የድንጋዩ ሆድ ተቀርጾ እስኪያልቅ አንዲት ጉርሻ እንዳትጨመርለት፣ ካለቀ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ከካህናቱ ወጥ ቤት እንዲበላ አዘዙ። ሎታር በዚህ ደስ ብሎት ተኛ። ጌታው፣ እንግዲህ ከሆዴ ይጀምሩልኛ እያለ ይቀልድ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የኮላር ሚስት ማርዋ አላስችል ብሏት በአሳማ ስብ የተሠራ የአተር ሾርባ አበላችው። ዓርብ ዕለት አለቃ ከዓሣ ምሳቸው ተነሥተው መጡ። ቅባቱ ባልተጠረገ ጣታቸው የሎታርን ጎን እንደ ገበያ በግ እየዳበሱ አጥንቱን ቆጠሩ።

«ማነው ያበላው?»

«ሚስቴ ናት፣ አለቃ። ሁለተኛ አይለመደንም» አለ ኮላር።

ማርዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የአለቃ ጣት ያቅለሸልሻል፤ የኮላር መልስ ግን ይብሳል። ያን ዕለት ማታ ኮላር ራት ቀርቦለት ጥርግ አድርጎ በላ።

ከዚህም የባሰ ነበር። ሎታር ዕለት ዕለት ሲከሳ በገላው ላይ አዲስ ነገር ይወጣል። ከእምብርቱ በላይ ያለው ጉድጓድ ይጠልቃል፣ ቆዳው በዳሌው አጥንት ላይ ይወጠራል። ኮላር ይህን እያየ የጨረሰውን ሆድ ደግሞ ይነካካል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ይፍቃል፣ እዚያ ጋ ያለሰልሳል። በዘመኑ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ አልወጣም፣ ያውቀዋል። ሎታር ምን ያህል እንደቀረ ሲጠይቀው ትንሽ ነው የቀረው ይለዋል። ሎታር መቀለዱን ተወ፤ ቀጥሎ መጠየቁንም ተወ።

አንድ ቀን ማርዋ ዳሱ ገብታ እጇን በድንጋዩ ሆድ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ካለቀ ስንት ቀኑ ነው?»

ኮላር የመሮውን አቧራ ይጠርግ ጀመር።

«አንተን እኮ ነው፣ ሰውዬ።»

«ዘጠኝ» አለ።

አልጮኸችበትም። ሎታርን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ጎረቤት አግዟት፣ ቤቷ ወስዳ ከምድጃው አጠገብ አስተኛችው። ሾርባ ብትሰጠው ሆዱ አልይዝ አለ፤ ወተት ብትሰጠው መለሰው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

አለቃ ይህን ሰምተው እስከ ቤቱ ደጃፍ መጡ። አማተቡ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ከዚያ ኮላርን ወደ ጥግ ሳቡት።

«ቀብሩ እስከ እሑድ ይቆይ እስቲ። የቀረህ ትሉ ብቻ ነው፤ ከእውነተኛው አይተህ ብትሠራው ይሻላል።»

ኮላር ክንዱን ከእጃቸው አላቀቀ።

«ትሉን ከፈለጉ እርስዎ ሲሞቱ መጥቼ አያለሁ» አላቸው፤ በሩንም በፊታቸው ዘጋው። በዘመኑ ሁሉ ለካህን እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ማርዋ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየችው፤ ከስንት ቀን በኋላ።

ሬሳውን አብረው ሊያጥቡ ገቡ። እሷ ከእግሩ ጀመረች፣ እሱ የሎታርን ራስ ደገፈ። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ከሎታር ፊት ላይ አረፈ። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሩ ከጥርሱ ላይ ሸሽቷል፣ ከአገጩ እስከ ጆሮው ያለው መስመር በሕይወት ሳለ ያልነበረ ሆኗል። ኮላር የሬሳውን ራስ ቀስ አድርጎ አሳረፈው። ከምድጃው ከሰል አነሣና በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ያንን መስመር መሳል ጀመረ። መሳሉን እንኳ ያወቀ አይመስልም።

ማርዋ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ቆማ እጁን አየችው። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ እጅ የተቆረሰ ዳቦ እስክትሞት አልበላችም።