ድምፁ የተዘጋ ለቅሶ

በዚያ ቀን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ቪዲዮ የምታነሣው ልጅ፣ በሰዓት እላፊ የተያዙ ሁለት የካምፓላ ሴቶች፣ መርማሪው ፖሊስና የአገራችን ሰው የሆነው አስተርጓሚ ነን። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር እንዳይባል ነው።

እኔና ልጅቷ የተያዝነው በዋዜማው፣ ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ነው። ወንድሜ አገር ቤት በጦርነቱ መሞቱን ተረድቼ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ልጅቷ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ናት። ለቅሶውን እንድታነሣ የለመንኳት እኔ ነኝ፤ እናቴ ልጇ በሰው አገርም እንደተለቀሰለት እንድታይ ብዬ። ሰልፍ መስሏቸው ፖሊሶች ሲመጡ ሰው ተበተነ። እኔ ደረቴን እየመታሁ ስለነበር አላየኋቸውም፤ እሷ ደግሞ እኔን ጥላ አልሸሸችም።

የታሰርንበት ክፍል ጠባብ ነው። ሲሚንቶው እርጥብ፣ የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በቦሎቄ ሰጡን። ቡኮቶ፣ በምንኖርበት ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት የቀሩትን ሁለት ልጆቼን ነበር የማስበው።

«እትዬ፣» አለችኝ ልጅቷ፣ «ጠዋት ፖሊሶቹ ቪዲዮውን አሳይተውኝ ነበር። ድምፁን ዘግተውታል።»

«ቢዘጉትስ? ለቅሶ ለቅሶ ነው።»

«አይደለም። ቆሜ ሐዘንተኛ ማንሣት ነውር መስሎኝ ተንበርክኬ ነው ያነሣሁዎት። ከታች የተነሣ ሰው ይገዝፋል። ፊትዎንም አቅርቤ ስለያዝኩ፣ አጠገብዎ ተቀምጠው የሚያለቅሱት አይታዩም። እጅዎ ወደ ላይ፣ አፍዎ የተከፈተ… ድምፁ ከሌለ የሰልፍ መሪ ነዎት።» ሳቅ አለች። «ሙሽራ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አላውቅም።»

«አንቺ ነሽ ያሳሰርሽኝ» አልኳት።

ሹራቧን አውልቃ እንድቀመጥበት አነጠፈችልኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔን ብቻ ጠሩኝ። መርማሪው ላፕቶፑን ከፈተ። እውነትም አንዲት የማላውቃት ግዙፍ ሴት ያለ ድምፅ ትጮኻለች።

«እሜቴ፣ ሕዝቡን ሲቀሰቅሱ ክንድዎ አልዛለም?» አለኝ አስተርጓሚው። ከዚያ የመርማሪውን ቃል ነገረኝ፤ ልጅቷ ለአድማ ብላ እንደቀረጸችኝ ከፈረምኩ ዛሬውኑ ልጆቼ ጋ እገባለሁ።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። አልዋሽም፣ አነሣሁት።

«ድምፁን ይክፈቱልኝ» አልኩ።

«አያስፈልግም ይላል።»

እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ። በስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት እጇን ስታነሣ አነሣሁ፤ ደረቷን ስትመታ መታሁ። አፏን ስትከፍት ወንድሜን በስሙ ጠራሁት። «ማን አጠበህ? ማን ገነዘህ?» እያልኩ አለቀስኩ። አስተርጓሚው ሊተረጉም ጀምሮ ተወው፤ አንገቱን ደፋ። ከወዲያ፣ ከእስር ክፍላችን፣ ልጅቷ ለቅሶዬን ተቀበለችኝ። ሁለቱ ሴቶችም ቃሉን ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ።

መርማሪው ላፕቶፑን ዘጋው። አልፈረምኩም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ልጅቷ አልነበረችም። ወስደዋታል። ከሴቶቹ አንዷ ሹራቧን አጥፋ አቆይታልኝ ነበር። ይቅርታ ሳልላት ቀረሁ።

እኔን በሦስተኛው ቀን ለቀቁኝ። አሁን ልጆቼ ስልክ ላይ ቪዲዮ ድምፁን ዘግተው ሲያዩ፣ «ክፈቱት» እላቸዋለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ልጅቷ ጠይም ናት፣ ቀጭን፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያለችበትን የምታውቁ፣ እባካችሁ ለቅሶ ለተቀመጥንበት ምግብ ቤት ባለቤት ንገሩልኝ። ሹራቧ እኔ ጋ ነው።