ዓሪፋ እሺ ያለችው ጉዞ

ዓሪፋ ሰይድ ሰው ማስቀየም አይሆንላትም። ኮምቦልቻ ሳለች ይህ ጠባይዋ ያስመሰግናት ነበር፤ አሜሪካ ከገባች በኋላ ግን ዕዳ ሆነባት። ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ሲደውልላት አሥር ደቂቃ ሙሉ ታዳምጠውና «እሺ፣ አስብበታለሁ» ትለዋለች፤ እሱም አምኗት በነጋታው ይደውላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አፓርታማ የምትጋራት የደሴዋ ስሂን፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሉኝታሽ አንድ ቀን ገደል ይከትሻል» ትላታለች። ስሂን አፏ አያርፍም፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናት።

የዓሪፋ ሥራ ሽማግሌ መጦር ነበር። በሳምንት አምስት ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ትሳፈርና ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ቀይራ፣ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ትወርዳለች። ከዚያ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። ሚስተር ኮንሮይ የሚኖሩባት ትንሽ የሸክላ ቤት ከሐዲዱ ስለማትርቅ የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። ሽማግሌው በመስኮት ያዩና፣ «ናፍጣ!» ይላሉ፣ ሰው «ሌባ!» እንደሚለው አድርገው።

ሰማንያ ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው አየርላንድ ውስጥ በእንፋሎት በሚሄድ የጭነት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። የነጂው ሥራ መንዳት፣ የእሳቸው ሥራ ደግሞ ከነጂው ጎን ቆመው በአካፋ ከሰል እየማገዱ ውሃ እየፈላ እንፋሎት የሚሆንበትን ጋን፣ ቦይለሩን፣ ከነውሃውና ከነእሳቱ መጠበቅ ነበር። ዓሪፋ ስለዚያች ባቡር ያልሰማችው ነገር የለም። ትንሽ ናት፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ጎማ። እንደ እሷ ያሉ መቶ አሥራ አንድ ተሠርተዋል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1866 እስከ 1903 ድረስ። ከብት ጎትተዋል፣ ከሰል ጎትተዋል፣ በመኸር ደግሞ ስኳር የሚወጣበትን ሥር ወደ ፋብሪካ አመላልሰዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደህና ከሰል ጠፍቶ የከሰል ብናኝና ከረግረግ ተቆፍሮ የደረቀ አፈር ሲነድባቸው እንኳን፣ እያዘገሙም ቢሆን ደርሰዋል። ከዚያ ናፍጣ መጣ። መቶ አሥራ አንዱ አንድ በአንድ ተቆራርጠው ለብረት ተሸጡ፤ ሁለት ብቻ ተረፉ።

ከሁለቱ አንዷ ቁጥር መቶ ሰማንያ ስድስት ናት። በ1879 ማንቸስተር ተሠራች፤ አየርላንድ ውስጥ አሮጌ ባቡሮችን የሚንከባከብ ማኅበር በስልሳዎቹ ተረከባት። የማኅበሩ ሰዎች ደሞዝ የላቸውም፤ አስተማሪው፣ ፖስተኛው፣ ጡረተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ዝገት ይፍቃሉ፣ ቱቦ ይቀይራሉ። ኮንሮይ እሷው ላይ ሠርተዋል። እንፋሎት ሲቀር፣ በተራቸው ነጂ ሊሆኑ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ «የናፍጣ አሽከር አልሆንም» ብለው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሰውዬው እንዲህ ግትር ናቸው።

አንድ ነገር ግን ዓሪፋ ከማንም በላይ ገብቷታል። ቦይለር ፈቃድ አለው። መርማሪ አይቶት ይህን ያህል ዓመት ይንደድበት ብሎ ይፈርምለታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ባቡሯ ምንም ሳትሆን እሳቷ ይጠፋል። ቦይለሩ ይፈታል፣ ይመረመራል፣ ይጠገናል፤ እንደገና እስክትነድ አሥር ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። የመቶ ሰማንያ ስድስት ፈቃድ በቅርቡ ያበቃ ነበር። ኮንሮይ ይህን በነገሯት ቀን ዓሪፋ በየዓመቱ የምታሳድሰው የሥራ ፈቃዷ፣ ዎርክ ፐርሚቷ፣ ትዝ አላት።

የመኖሪያ ወረቀት እንደሌላት የሚያውቅ ሰው ከስሂን ሌላ አልነበረም። በ2005 ነው የመጣችው። ጥገኝነት ጠየቀች፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ እዚያው ቀረ። አንዴ ዳኛው ተቀየሩ፣ አንዴ ፋይሉ ተዛወረ፣ ቀጠሮው በዓመት በዓመት ይገፋል። ጠበቃዋ አስጠንቅቃታለች፤ ከአገር ከወጣሽ የጥገኝነት ኬስሽን ጥለሽ እንደ ሄድሽ ይቆጠራል፣ አትመለሺም። በ2009 እናቷ ሲሞቱ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የቀብሩን ዱዓ ሰማች። መሄድ አትችልም፤ መቅረቷም የተረጋገጠ አይደለም። እንደዚህ ያለ ኑሮ ግድግዳ የሌለው እስር ቤት ነው፤ ሰው ስለማያየው አያዝንልህም። ወረቀት ደግሞ ገበና ነው፤ የቀጠረኝ ኤጀንሲ ቢሰማ፣ የሽማግሌው ልጅ ብትሰማ ምን ይሉኝ ይሆን እያለች ሰባት ዓመት ዋጠችው።

በ2012 ጥር ላይ ሚስተር ኮንሮይ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ዳሌያቸው ተጠገነ፣ ልባቸው ግን አልተጠገነም። ከሆስፒታል ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መራመድ ሊያለማምዳቸው የመጣውን ባለሙያ አባረሩ፤ ምግብም እምቢ አሉ። አርሊንግተን የምትሠራው ልጃቸው ሞራ መጥታ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አልቅሳ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ዓሪፋ ሾርባ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ከግድግዳው ሳይዞሩ፣

«ፈቃዷ ሳያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳቱ እየነደደ፣ ላይዋ መቆም እፈልጋለሁ» አሉ። «ሞራ ሥራዋን ትታ አትሄድም። አንቺ ትወስጂኛለሽ?»

ወሎ ውስጥ የታመመ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ጨረቃን አምጪልኝ ቢል እንኳን፣ «እሺ፣ መጀመሪያ ይህችን ይቅመሱ» ይባላል። ታማሚው ሲድን ጨረቃዋን ይረሳታል፤ ባይድን ደግሞ ተስፋ ይዞ ይሄዳል። ዓሪፋ ያደገችው በዚህ ነው።

«እሺ፣ እወስድዎታለሁ» አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ! ሽማግሌው ዞር ብለው ሾርባውን ጠጡ።

ጨረቃዋንም አልረሷትም። የተባረረው ባለሙያ ተመልሶ ተጠራ። በመጋቢት በብረት ድጋፍ ቆሙ፤ በሚያዝያ ከአልጋ እስከ ማድቤት ተራመዱ፤ በግንቦት በረንዳው ደረጃ ላይ እየወጡ እየወረዱ፣ «ባቡሯ ላይ የሚወጣው በደረጃ ነው» ይሉ ጀመር። ዓሪፋ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃ ትቆጥራለች። አንድ ደረጃ በጨመሩ ቁጥር ደስ ይላታል፤ ግን እሳቸው በዳኑ ቁጥር እሷ ትታሰራለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ «አልችልም» ብትል ያልፍ በነበረ ነገር በገዛ አፏ ገመዷን አሳጠረች።

«እረ ንገሪያቸው!» አለቻት ስሂን። «የሰባ ቀን ሕፃን እኮ አይደሉም።»

«አሁን ብነግራቸው ተመልሰው ይተኛሉ።»

«ባትነግሪያቸውስ? ኤርፖርት ስትደርሱ ልትሸሸጊ ነው?»

በሰኔ ሞራ በደስታ እየበረረች መጣች። ባቡሯ በመስከረም ደብሊን ላይ ሰው ይዛ ትወጣለች፤ ማኅበሩ አሮጌው እሳት አንዳጅ ላይዋ ቢቆም ደስ ይለናል ብሏል። «ቲኬት ቡክ ላደርግ ነው፤ ፓስፖርትሽን ስጪኝ» አለቻት። ዓሪፋ ሊታደስ ልኬዋለሁ አለች። ሞራ የአባቷን ቲኬት ቆረጠችና ያንቺን ፓስፖርትሽ ሲመጣ እንቆርጣለን ብላ ሄደች። በሐምሌ ደግማ ጠየቀች፤ ዓሪፋ አልደረሰም አለች። በሜትሮ ስትመለስ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከራሷ ጋር ላለመነጋገር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሚስተር ኮንሮይ ለጉዞው የገዙላትን ነገር አወጡ። ጥቁር፣ ወፍራም የዝናብ ካፖርት ነበር። «እዚያ መስከረም ይዘንባል» አሉ፣ «ልበሺው እስኪ።»

ለበሰችው። ልክክ አለላት። ካፖርቱን እንደ ለበሰች ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ኬሱን፣ ቀጠሮውን፣ ጠበቃዋ ያለችውን፣ እናቷን። «ያን ቀንም እንደማልሄድ አውቅ ነበር» አለች። «እንዲበሉልኝ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

«ቦይለር ውስጥ ውሃ ሲጎድል የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ አለ። ነጂው መንገድ መንገዱን ነው የሚያየው፤ ቱቦውን አይቶ የሚነግረው እሳት አንዳጁ ነው። ነጂውን ደስ ለማሰኘት ‹ውሃው ደህና ነው› የሚል እሳት አንዳጅ ቦይለሩን አፈንድቶ ሁለቱንም ይገድላል። በየካቲት ብትነግሪኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ደህና ነው አልሽኝ።»

ዓሪፋ ይቅርታ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከ«አመሰግናለሁ» በቀር ቃል አልወጣቸውም፤ ባቡር ሲያልፍም «ናፍጣ» ማለቱን ተዉት። ደረጃውን አልወጡም። ሞራ ሰምታ ተቆጣች፣ መብቷ ነው፤ ግን እሷም ከሥራ መውጣት አልቻለችም። ሽማግሌው ብቻቸውን መሄድ ፈሩ። በፍርሃታቸው አፍረውም ስለ ነበር፣ «ጉዞው ይቅር፣ እሳቷም ይጥፋ» አሉ።

ዓሪፋ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ካልሲዋን ሳታወልቅ፣ «ስሂን፣ ደብሊን ያለው ወንድምሽ ስልኩ ስንት ነው?» አለች። ወንድምየው ልዑልሰገድ አውቶቡስ የሚነዳ፣ በስም እንጂ በመልክ የማታውቀው ሰው ነው። ደወለችለት። በነጋታው ኮንሮይ ፊት ቆመች፤ በሕይወቷ ሽማግሌ ስትቆጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይሄዳሉ! ከዚህ የአየር መንገዱ ሰዎች በዊልቸር ያሳፍሩዎታል። እዚያ ልዑልሰገድ ከበር ይቀበልዎታል፤ ቤቱ ያሳድርዎታል፤ ባቡሯ ላይ ያወጣዎታል፤ መልሶ ያሳፍርዎታል።»

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ በምን አመንሽው?»

«አደራ ብዬዋለሁ፤ እሱም ተቀብሏል።» ሽማግሌው ግራ ሲገባቸው አይታ አስረዳቻቸው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል እኛ ዘንድ፤ አደራ ከበላ የእህቱን የስሂንንም የእናቱንም ዓይን ማየት አይችልም። ኮንሮይ አሰቡ፣ አገጫቸውን አሹ።

«ይሄስ ውሃ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ራስዎ ያናግሩት።» ስልኩን ሰጠቻቸው።

ባቡሯ ላይ መውጣታቸውን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ልዑልሰገድ ፎቶ ልኳል። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቁሮ፣ አካፋ ይዘው፣ ከኋላቸው የእሳቱ ደጃፍ ተከፍቶ ይታያሉ፤ ነጂውም ለጥቂት ሜትር ቦታውን ለቆላቸዋል። ዓሪፋ ያን ፎቶ ባየችው ቁጥር ደስ ይላታል። ግን በሐሳቧ የሚመላለሰው የሸኘቻቸው ዕለት ነው።

ደለስ ኤርፖርት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሞራ ሻንጣውን አስመዝግባ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ዊልቸር ይዞ የመጣው ሠራተኛ ረጅም፣ ከሲታ ሐበሻ ሆነና ዓሪፋ እፎይ አለች። ተሻገር ይባላል፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል።

«ወንድሜ፣ አደራህን። ዳሌያቸው ተሠርቷል፤ መድኃኒታቸው በዚህ ኪስ ነው» አለችው።

«ችግር የለም እህቴ፤ መቀመጫቸው ላይ ነው የማስቀምጣቸው።»

ሚስተር ኮንሮይ እጇን ያዙ። የዝናብ ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ አጥፈውታል፤ መልሰው ሊሰጧት ፈለጉ፣ እሷ ለእሳቸው ይሁን አለች። «ተቀይሜሻለሁ» አሉ፣ «ስመለስም ትንሽ እቀየማለሁ። ቢሆንም ሰኞ ነይ።» እሺ አለች፤ ይህኛው እሺ እውነተኛ ነበር።

ከፍተሻው መስመር ወዲያ ቲኬት የሌለው ሰው አያልፍም። ዓሪፋ ገመዱ ጋ ቆመች። ተሻገር ዊልቸሩን እያዞረ፣ አንድ ሐበሻ ሌላውን በየትም ቦታ የሚጠይቀውን ጥያቄ በፈገግታ ጠየቃት።

«አንቺስ? አገር ቤት መቼ ነው የምትሄጂው?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ «ኢንሻአላህ፣ በቅርቡ» ስትል ኖራለች። ያን ቀን አቃታት።

«መሄድ አልችልም» አለችው። «ወረቀት የለኝም።»

የተሻገር ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ግራና ቀኙን አየና ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እኔም የለኝ» አላት። «ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በቀን አሥር ጊዜ እስከ አውሮፕላኑ በር ሄጄ እመለሳለሁ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ሽማግሌውን ወደ ፍተሻው ገፋ።