ሳይረን ነፍቶ የሚመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ

ይህ የገጠመኝ አዋሽና አፋር አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በየሬዲዮው ይወራ በነበረበት ዓመት ነው። ብዙ የሚያናድዱ ነገሮች አጋጥመውኝ ረስቻቸዋለሁ። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ትዝ ሲለኝ ከመናደድ አልፎ ያቅለሸልሸኛል።

መቱ አቅራቢያ ባለችው ሁሩሙ ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ደግሞ ኦሮምኛ እያወራሁ ስላደግሁ ስብሰባ ባለ ቁጥር «ነይ አስተርጉሚልን» እባላለሁ። ሥራ ትቼም ቢሆን ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው።

አባቴ የሚኖርበት መንደር ከከተማው ወጣ ይላል። ከመንደሩ ባሻገር ያለውን ጉብታ የድንጋይ ከሰል የሚያወጣ አንድ ድርጅት ይዞታል። ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት ሳይረን ይነፋል። ከዚያ መሬቱ ያጓራል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ የግድግዳው ጭቃ ይረግፋል። ሰዉ ለምዶታል፤ ሳይረኑን ሲሰማ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ ይወጣል።

የአባቴ ጎረቤት እትዬ ዘይነባ ግን ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። አንድ ቀን ሳይረኑን ሳይሰሙት ቀሩና ማዕድ ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ግድግዳው ተንዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። መቱ ሆስፒታል ተወስደው አጥንታቸው መሰበሩ ታወቀ። እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተመለሱ።

ያኔ ሰዉ ተቆጣ። ወጣቶቹ የድርጅቱን መኪኖች መንገድ ዘጉባቸው። ድርጅቱም ከአዲስ አበባ አንድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ላከ፤ በመንደሩ አዳራሽም ስብሰባ ተጠራ።

ሰውዬው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ። አስተርጓሚዋ እኔ እንደሆንኩ ሲነግሩት ጠጋ አለኝና «ቀለል አድርገሽ ንገሪያቸው እሺ? ገበሬ ረጅም ነገር አይገባውም» አለኝ። አባቴ ገበሬ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ ዘይነባም ተደግፈው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጀሶ የታሰረውን እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተውታል።

«ውድ ወገኖቼ» ብሎ ጀመረ። «የደረሰባችሁ የተፈጥሮ አደጋ ነው። ሀገራችን ስምጥ ሸለቆ ያለባት ሀገር ናት። አፋር ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ግድግዳችሁን የጣለው እሱ ነው። የእኛ ፍንዳታ ከጭብጨባ አይበልጥም።»

በኦሮምኛ ተናገርኩት። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ግን «ጄዳ»፣ ይላል፣ እያልኩ ጨመርኩበት። ሌላ ጊዜ እንዲህ አላደርግም። ያን ቀን ከአፌ የሚወጣው ነገር የእኔ እንዳልሆነ ሰዉ እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ። የራሴ ምላስ አስጠላኝ።

ጋሼ ገመቹ እጃቸውን አወጡ። ቡና አምራች ናቸው፣ የመንደሩም ሽማግሌ። በኦሮምኛ ጠየቁ፤ እኔም አንድም ቃል ሳልቀንስ ወደ አማርኛ መለስኩት።

«የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይረን ነፍቶ ነው እንዴ የሚመጣው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው ግን ፊቱ አልተለወጠም። «እሱ ሙያዊ ጥያቄ ነው፤ በባለሙያ ይመለሳል» ብሎ ሊቀጥል ሲል ሳይረኑ ተነፋ።

ሰዉ ሁሉ ተነሳ። እናቶች ልጆቻቸውን አቀፉ፤ ሁለት ሰዎች እትዬ ዘይነባን ሊያነሷቸው ጎንበስ አሉ።

«ምንድነው? ተቀመጡ እንጂ! ስብሰባው አላለቀም!» ብሎ ሰውዬው ጮኸ። ከሰል ወደሚወጣበት ቦታ አንድም ቀን እግሩ ረግጦ እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። የሳይረኑን ትርጉም አያውቅም። ከሰዉ ግማሹ ግራ ተጋብቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ፍንዳታው መጣ። መሬቱ ከሥራችን አጓራ፣ ጣራው ተንቀጫቀጨ፣ አቧራው እላያችን ላይ ዘነበ። ሰውዬው ድምፅ ማጉያውን ወርውሮ ሮጠ። ፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየገፈተረ በሩ ጋ ሲደርስ እትዬ ዘይነባ እግራቸውን እንደዘረጉ ተቀምጠዋል። ዞሮ አላለፋቸውም። እግራቸውን ረግጦ ወጣ። ጀሶው ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ። የእሳቸውን ጩኸት ግን እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ተሸክመን ደጅ ስናወጣቸው እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘግቷል። ነገሩ ጸጥ ሲል ወረደ። ኮቱን አራገፈ፣ ፀጉሩን አስተካከለ፣ ካሜራ የያዘውን ሰው በእጁ ጠራው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪያቸው እንግዲህ» አለኝ። «ያልኩት የመሬት መንቀጥቀጥ ይኸውና፣ በዓይናቸው አዩት።»

እየቀለደ ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። እትዬ ዘይነባ እግሩ ሥር ሣር ላይ ተኝተው እያቃሰቱ ነው።

«አላስተረጉምም» አልኩት።

«ለምን?»

«ሁሉም ሰው ሰምቶዎታል።»

እውነትም ከዚያ ሁሉ ሰው አማርኛ የማይሰማ ጥቂት ነው። ጋሼ ገመቹ ራሳቸው ጥርት ባለ አማርኛ «አሁን የረገጧትንስ ሴትዮ? እሷንም አፋር ነው የረገጣት?» አሉት። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። እትዬ ዘይነባን መቱ ያደረስናቸው በሚኒባስ ነው፤ አጥንታቸው ከቦታው ወጥቶ ስለነበር እንደገና ተስተካከለ። ያ እግር ግን ከዚያ ወዲህ አጥሮ ቀረ።

ከጊዜ በኋላ ድርጅቱ ሲሚንቶና ቆርቆሮ አከፋፈለ። በላዩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ «ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች የተደረገ ድጋፍ» ይላል። ሰዉ ከጨርቁ ሥር ቆሞ ፎቶ እየተነሳ ተቀበለ። ክረምቱ ደርሶ ነበርና አልፈርድበትም።

ሰውዬውን ባለፈው ዓመት መቱ፣ አንድ ሆቴል በር ላይ አገኘሁት። «ጎበዟ አስተርጓሚያችን!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሌላ ወረዳ ላይ ስብሰባ ስላለው እንድሠራለት ፈለገ።

«እትዬ ዘይነባ እስከ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄዱት» አልኩት።

«የትኛዋ?» አለኝ።

እጁን ሳልጨብጥ አለፍኩ። አፋርና አዋሽ አካባቢ ቤታቸው በእውነት ፈርሶባቸው ሜዳ ላይ ያደሩ ሰዎች አሉ። ዜናቸውን ስሰማ ከልቤ ላዝንላቸው እፈልጋለሁ። ግን ገና ሐዘኑ ሳይሰማኝ የዚያ ሰውዬ ድምፅ ይቀድመኛል። የእነሱን መከራ ለራሱ ጥፋት መሸፈኛ ማድረጉ አንሶ፣ ለእነሱ ማዘኔንም አበላሸብኝ።