የታሸገው እድር

ሕገ መንግሥቱን አንብቤዋለሁ። ያነበብኩት የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ወረፋ ስጠብቅ ነው፤ ከመደርደሪያ አንስቼ ጧት ጀመርኩት፣ ለምሳ ሲወጡ ጨረስኩት፣ ወረፋዬ ግን ገና አልደረሰም ነበር። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንዱ በሌላው ጉዳይ አይገባም ይላል። ጥሩ አማርኛ ነው። ሽፋኑ ላይ ከተኛው አቧራ እንደተረዳሁት ግን ከሠራተኞቹ አንድም የነካው የለም።

እኔ ጭሮ ገበያ አጠገብ ድስት፣ ባልዲና ጀሪካን እሸጣለሁ። በዚሁ ምክንያት የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ አደረጉኝ። ድስት የሚሸጥ ሰው ድስት አይሰርቅም ብለው ይሆናል። ገበያን ስለማውቅ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

የእድራችን አሠራር እንዲህ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቃሬዛውና ጡሩምባው አንድ ነው። ድስቱና ቢላው ግን ሁለት ሁለት ነው። እጀታው አረንጓዴ የተቀባው የሙስሊሙ፣ ቀይ የተቀባው የክርስቲያኑ፤ ሥጋ የሚበላ ቀን ሁሉም በየአራጁ፣ በየድስቱ። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይሸኛል። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ያደርሳል፤ ቅጥሩ ውስጥ ግን አይገባም፣ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ለምን አልገባህም የሚለው የለም። ይህን ደንብ ያወጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ መፈረም እንኳ አይችሉም፣ በጣታቸው ነው ያተሙት። የሚለየውንና የማይለየውን ግን ያውቁ ነበር። ድስት ይለያል፤ ሐዘን አይለይም።

ይህ ደንብ ከማናችንም በላይ የሚያስፈልጋቸው አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። ሂርና ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልደው፣ ለሙስሊም ሹፌር ተድረው፣ ሰልመው፣ ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረዋል። ታናሽ ወንድማቸው ክርስቲያን እንደሆነ ቀረ፤ ሚስቱ ስትሞትበት ወደ እህቱ ግቢ መጥቶ ጓሮ ክፍል ገባ። ረቡዕና ዓርብ ሳይነግራቸው የጾም ይሠሩለታል። እሱ ደግሞ በረመዳን ሲጋራውን ይዞ መንገድ ማዶ ይሻገራል። ስለ ሃይማኖት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጣሉት በሬዲዮ ነው።

ወንድምየው ጉበቱን ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ያኔ ነው አዴ ሱቄ ድረስ መጥተው «አንተ ልጅ» ያሉኝ፤ አምሳ ዓመት አልፎኛል። «ይሄ ሰውዬ አይነሳም። ከኔ ቤት ነው የሚወጣው። ጡሩምባው ይነፋለታል?»

«ምን ጥያቄ ነው አዴ? ለማን ሳይነፋ ቀርቶ ያውቃል?»

«አላውቅም አቦ። ትናንት ልጆች ደጄ ድረስ መጥተው ነበር።»

ልጆቹ በሁለት ዙር ነው የመጡት። የመጀመሪያዎቹ፣ የእስላም ግቢ ውስጥ የክርስቲያን ለቅሶ አይቀመጥም ብለዋቸዋል። ከሰዓት በኋላ የመጡት የወዲያኛው ወገን ናቸው፤ የክርስቲያን ሬሳ ከእስላም ቤት አይወጣም፣ ቤት ተከራይለት አሏቸው። መሞቻ ቤት ማለታቸው ነው። በዚህ ኪራይ።

እነዚህ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። አንዱ ወገን ከሩቅ ተምሮ የመጣ ሰባኪ አለው፣ ሌላው ወገን እንዳያንሰው የራሱን አስመጣ። ሁለቱም ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ የሁለቱም ድምፅ ሱቄ ውስጥ ይገናኛል። ከነዚያ ጋር ንፍሮ የበላ ከነዚያ ጋር ይነሣል ይላል አንዱ። ሌላውም ያንኑ ይላል። በዚህ ዓለም በምንም ነገር የማይስማሙት ሁለት ሰዎች የእኛ እድር ለሁለት እንዲከፈል ተስማሙ፤ ተከታዮቻቸውም ለቀበሌው በየፊናቸው አመለከቱ። ማመልከቻዎቹን አይቻቸዋለሁ። «እኛ» እና «እነሱ» ቦታ ከመለዋወጣቸው በቀር ልዩነት የላቸውም፤ አንድ ጸሐፊ ቤት ያስጻፏቸው ይመስለኛል።

የቀበሌው ኃላፊ የየትኛው እምነት ሰው እንደሆነ አልናገርም። ከተናገርኩ ግማሻችሁ «ድሮስ» ትላላችሁ፤ ያ ደስታ ይቅርባችሁ። ሥራው ማመልከቻዎቹን መመለስና ይህ የኔ ጉዳይ አይደለም ማለት ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም ፈራቸው፣ ሁለቱንም ሊያስደስት ፈለገ። አስጠራኝ።

«እድሩ እንደገና ይመዘገባል» አለኝ። «ከሃይማኖት ተቋማችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ።»

«ከየትኛው?»

«እድሩ የየትኛው ነው?»

«የሰፈሩ።»

«ሰፈር ሃይማኖት የለውም።»

«እኔም የምለው እሱን ነው።»

አልሳቀም። «ያለ ደብዳቤ አይሆንም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ነጋዴ ነኝ፤ ነጋዴ ደብዳቤ አምጣ ሲሉት የሚሄድ ፍጡር ነው። የደብሩ አባት ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ግማሹ ሙስሊም የሆነን ማኅበር የኔ ነው ብዬ እንዴት ልጻፍ? ውሸት ይሆንብኛል» አሉ። መስጊዱ ዘንድ ያሉት ሼህም ሻይ ጋብዘውኝ ያንኑ ነገሩኝ፤ «ይሄ የገበያ ነው ወንድሜ። እኛ ምን አገባን?» ሁለቱም ልክ ናቸው። በከተማው ውስጥ ሃይማኖትና አስተዳደር የተለያዩ መሆናቸው የገባቸው እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ ደመወዝ የሚበላበት ሰውዬ አልገባውም።

በሳምንቱ የእድሩ መጋዘን በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «ታሽጓል» ይላል፣ ማኅተም አለው፤ ቁልፉ በሽቦ ታስሯል። ድንኳኑ፣ ቃሬዛው፣ አረንጓዴውም ቀዩም ድስት፣ ጡሩምባው ሁሉ ውስጥ ቀረ።

አዴ ሰምተው መጡ። «ያ ረቢ፣ አሁንስ?» አሉኝ።

«አይዞዎት፣ መላ አለኝ» አልኳቸው። እውነትም ነበረኝ። እዚህ ላይ ራሴን ልርገም። ንግድ ውስጥ ስትኖር «ታሽጓል» የሚለውን ቃል እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ትፈራዋለህ። ሱቁ የታሸገበት ሰው ወረቀቱን አይነካም፤ ዞሮ በጓሮ ይሸጣል፣ ወይ ዕቃውን ጎረቤት ሱቅ ያስቀምጣል። በዚህ ብልጠት ነው ሠላሳ ዓመት የኖርኩት፤ ለቅሶውንም በጓሮ በር ላስገባ አሰብኩ።

የአዴ ወንድም ማክሰኞ ንጋት ላይ ሞተ። ሱቄን ከፍቼ አዳዲስ ድስቶች ወደ አዴ ቤት አስጫንኩ፤ የዋጋ ወረቀታቸው አልተነሳም ነበር። ከበደሳ ቡና ከሚያመጣ አይሱዙ ላይ ሸራ ለምኜ ግቢው ውስጥ ወጠርኩ። ባልዲ፣ ኩባያ፣ ሳህን፣ ሁሉም አለ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሰው ግን የለም። ጡሩምባ ነፊያችንን ጠርቼ ምነው ስለው «ጡሩምባው ታሽጓል፤ በአፌ ልንፋ?» አለኝ። በደንባችን ጡሩምባ ካልተነፋ መቅረት አያስጠይቅም። በሌላ ጊዜ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ወሬው ይደርሳል፣ ሰው ይመጣል። አሁን ግን በመንገዱ በዚህ በኩል አንደኛው ቡድን ቆሟል፣ በዚያ በኩል ሌላኛው፤ ማን እንደገባ እያዩ ነው። ለፈራ ሰው «ጡሩምባ አልሰማሁም» የመሰለ ምክንያት ከየት ይገኛል። የእድሩ ሰብሳቢ ራሱ በዚያ ቀን መቻራ ሄዶ ነበር አሉ። በሱቁ መስኮት አይቼዋለሁ፣ ስኳር ይመዝናል።

ቃሬዛ ስላልነበረን ሟቹን በራሱ የጠፍር አልጋ ላይ አድርገን ተሸከምነው። አሥራ አንድ ነበርን። የደብሩ አባት በእግራቸው መጥተው ቀደሙን። ሼሁም መጡ፤ እስከ አጥሩ ሸኝተው፣ ፍትሐቱና ቀብሩ እስኪያበቃ ፀሐይ ላይ ቆሙ። አዴ ከእሳቸው ጎን ነበሩ። ስንወጣ መንገዱን አዩት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። አሥራ አንድ ሰው ለመቁጠር ያን ያህል ማየት አያስፈልግም። አላለቀሱም፤ «እንሂድ» ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን በማን እንደተናደድኩ አልለየሁም። ሐሙስ፣ ሰልስቱ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤቱ ለምሳ ሊወጣ ሲል ከሱቄ ፒንሳ ይዤ መጋዘኑ በር ላይ ቆምኩ። ቀበሌው ፊት ለፊት ነው። ሽቦውን ቆረጥኩት። ወረቀቱን ላጥኩት፤ ሙጫ አልቆጠቡበትም። ኃላፊው ወጣ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እድር እየከፈትኩ።»

«ታሽጓል እኮ።»

«አንብቤዋለሁ።»

«በሕግ ትጠየቃለህ።»

«የቱ ሕግ ነው? ይሄ የመንግሥት ቢሮ ከሆነ ደብዳቤ የምትጠይቀኝ ከማን ነው? የእምነት ቤት ከሆነ ደግሞ ማኅተሙን ከየት አመጣኸው? አንዱን ምረጥና እዚያ እቀርባለሁ።»

መጥሪያው በኋላ ደርሶኛል፤ እየተመላለስኩ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ምሳውን ሊበላ ሄደ። ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑን አዴ ደጅ ተከልነው። መጀመሪያ ሴቶቹ ወጡ፣ ነጠላ የለበሰችውም ሻሽ የጠመጠመችውም፤ ከዚያ ወንዶቹ ወንበር እየተሸከሙ። ንፍሮው በአረንጓዴውም በቀዩም ድስት ተቀቀለ፤ ስንዴና ባቄላ ነው፣ ማንም አልጠየቀም። ሰብሳቢያችን ከመቻራ ተመልሶ ነበር። ወዲያና ወዲህ የቆሙት ልጆች ብዛታችንን ሲያዩ እዚያው ቆመው ቀሩ፤ ሁለቱን እናቶቻቸው ከድንኳኑ ውስጥ ሆነው በስም ጠሯቸው።

አዴን ፈልጌ ጓሮ ሄድኩ። የወንድማቸው ክፍል በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰው መጣ አዴ» አልኳቸው።

«አየሁ። አላህ ይስጣቸው። ለኔ ነው የመጡት።»

«ለሁለታችሁም ነው።»

«እኔ አለሁ አቦ። ነገም ቢመጡ፣ በሳምንቱም ቢመጡ ያገኙኛል። እሱ በአሥራ አንድ ሰው ሄደ፣ በአልጋው ተሸክማችሁት።» እጄ ላይ ያለውን አይተው፣ ያለ ቁጣ፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ማክሰኞ ዕለት ይሄ ፒንሳ አልነበረህም?» አሉኝ።

ነበረኝ። ሱቄ ውስጥ፣ በደርዘን።