እናቴ ለመንገድ ሽማግሌ ስትሄድ

እናቴ ሁለት ክረምት ከቤት ሳትወጣ አሳለፈች። ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ግን ቤት ያስቀራት ጉልበቷ ብቻ አልነበረም። ሰፈራችን ከአቃቂ በሰቃ ገባ ብሎ ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ሲዘንብ ቦቲ ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ደግሞ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ባጃጅ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ አይገባም። እናቴ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ታዳምጣለች። ተሸክመን እንውሰድሽ ስንላት ትቆጣለች። «በሰው ትከሻ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱን ቀን አታቻኩሉብኝ» ትለናለች።

ስለዚህ ለሰፈራችን የኮብልስቶን መንገድ ተፈቀደ ሲባል እንደ እኔ የጨፈረ የለም። ኮሚቴ ሲቋቋምም ማንም ሳይጠቁመኝ እጄን አውጥቼ ገባሁ። የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር። መግቢያው ላይ አንድ አጥር ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ድንጋይ የሚያመጣው ገልባጭ መኪና አያልፍም። አጥሩ ክረምት ሳይገባ ካልተነሣ ድንጋዩ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል ተባልን። ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ።

የአጥሩ ባለቤት አንድ አዛውንት ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። አካባቢው ሁሉ ማሳ በነበረበት ዘመን ያርሱት የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የቀራቸው ግቢያቸው ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥም ሁለት ክፍል ሠርተው ለፋብሪካ ሠራተኞች ያከራያሉ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ደጃቸው ሄደ። ሊቀመንበራችን ስብሰባ የሚወድ፣ የስብሰባ ቃል ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። አባባ በሩን ከፈት ከማድረጋቸው ስለ ልማት ይሰብክላቸው ጀመር። «አጥሬን አላስነካም» ሲሉት ጊዜ ተናደደና፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው!» አላቸው። ያን ጊዜ ይህ ቃል ከሬዲዮ እስከ እድር ስብሰባ ያልገባበት አልነበረም። በሥልጣኑ የሚበላውም፣ ሥራ የሚያጓትተውም ኪራይ ሰብሳቢ ይባላል። አባባ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የወሰዱት።

«አዎ፣ እሰበስባለሁ» አሉ ኮራ ብለው። «ሁለት ክፍል አለችኝ፣ ወር ሲደርስ ኪራይ እሰበስባለሁ። ምነው፣ ላንተ ልተውልህ?»

በሩ ተዘጋ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አፍኜ ሳቄን ዋጥኩት። በነጋታው ግን አጥራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ሳይ ሳቁ ጠፋብኝ። ይፍረስ ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ነው ያስቀባው። አባባም ዝም አላሉም፤ ጨርቅ በናፍጣ ነክረው አሽተው አጠፉት።

ብቻዬን ሄድኩባቸው። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ሁሉ ጤፍና ሽምብራ የዘራሁበት ነው። ፋብሪካው ሲመጣ ካስማ ተከሉ። ሰፈሩ ሲመጣ ቀለም ቀቡ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን፣ ደጄ ቆሞ ‹ይስጡኝ› ያለኝ የለም። ልጄን እንኳ ሲወስዷት ሽማግሌ ልከውብኝ ነው።»

ቤት ገብቼ ለእናቴ እየተንጨረጨርኩ ነገርኳት። እሷ ግን ፀጉሯን እያሰረች፣ «ታዲያ ሽማግሌ ካሉ ሽማግሌ ይሂድላቸዋ» አለችኝ።

«ማን ይሂድ?»

«እኔ።»

«ሴት ሽማግሌ የት ታውቂያለሽ?»

«ለጉልበቴ ሲሆን አሮጊት ነሽ ትሉኛላችሁ። ለሽምግልና ሲሆን ነው ሴትነቴ የታያችሁ?»

ተሸነፍኩ። ሁለት ጎረቤቶቻችን ከነወንበሯ አነሷት፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ እምቢ ያለች ሴት ለአጥር በሰው እጅ ወጣች። የበልጉ ጭቃ እስከ ባታቸው እየዋጣቸው አባባ ደጅ አደረሷት። እዚያ ስንደርስ «አውርዱኝ» አለች። ወርዳ የአጥሩን ቋሚ ይዛ ቆመች።

አባባ ወጥተው ሲያዩዋት ደነገጡ። «ምነው! ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

«እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም» አለች እናቴ። ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለው። «እንደ ወጉ ልጠይቅዎ መጥቻለሁ። ይህን አጥር ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ ይሳቡልኝ። ይስጡኝ።»

ልደግፋት ስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ።

«ክፍሎቼስ?» አሉ አባባ።

«ክፍሎችዎን ማን ነካ?»

«ያ ሰውዬ ኪራይ ሰብሳቢ ብሎኛል። ቤቶቼን ፈልጎ አይደል?»

«ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም» አለች እናቴ። «እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።»

ተከራዮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አባባም ፈገግ አሉ፤ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ልጅ የሚሰጥ ሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ከቤተሰቤ ጋር ልምከርና ቀጠሮ እሰጥዎታለሁ» አሏት።

«ደግ» አለች እናቴ። «ቀጠሮው እስኪደርስ እዚሁ እቆማለሁ።»

ቆመች። ፊቷ በላብ ራሰ፤ የያዘችው እንጨት አብሯት ይንቀጠቀጣል። አባባ አንዴ እሷን፣ አንዴ ማሳቸው የነበረውን ሰፈር አዩ።

«ኧረ ይቀመጡ! በሞቴ ይቀመጡ! ሰጥቻለሁ!»

እልልታውን አቀለጥነው። እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ነው እልል ያልኩት። አባባ አጥሩን ለማንም አላስነኩም፤ በነጋታው ራሳቸው ነቅለው ራሳቸው አጠሩት። የተጠየቁት ሁለት ክንድ ነበር፣ የሰጡት ሦስት። ለምን ሲባሉ፣ «ሁለት መኪና ሲገናኝ ደጄ ላይ ሊሰዳደብ ነው?» አሉ።

ድንጋዩ መጣ፣ ተጠረበ፣ ተነጠፈ። ምረቃው ዕለት ሊቀመንበራችን ሥራው «በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት» እንደተሳካ ተናገረ። ይበል፣ ምን ቸገረኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ባጃጅ ደጃችን ድረስ መጣ። እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ ገባች፤ የሚያማትን እግሯን ወንበሩ ላይ ስለዘረጋች እኔ በቀረችው ጥግ ተቀመጥኩ። አባባ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ልታልፋቸው አልወደደችም፤ ሹፌሩን አስቆመችው።

«ይግቡ፣ አብረን እንሳለም።»

«እኔ እንኳ እግር አለኝ» አሉ እየሳቁ።

«እኔስ መቼ እግር አጣሁ?» አለች እናቴ። «ያጣሁት መንገድ ነበር።»

አባባ ሳቃቸውን አቆሙ። ወደ ባጃጁ ተጠጉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አንቺ ጉልበት አለሽ፣ ውረጂላቸው» አለችኝ። ወረድኩ። ባጃጁ ሁለቱን ይዞ ሄደ፤ እኔም እየሳቅኩም እያለቀስኩም ከኋላ ተከተልኩ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ «እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች» እያልኩ።