ተቀባይ ያጣ ንግግር

ሌታ ከጊንጪ ብዙም ሳይርቅ፣ በጭልሞ ደን ጥግ፣ ገብስና ባቄላ እያረሰ የኖረ ሰው ነበር። ጠብ በተነሣበት ሁሉ ለሽምግልና ይጠራል። በኦሮምኛ ሲናገር የተካሰሱት ሰዎች ቂማቸውን ትተው እሱን ማድመጥ ይይዛሉ ይባል ነበር። ስለዚህ በ1978 ዓ.ም. መንደር ምሥረታው ሲመጣ ገበሬ ማኅበሩ እሱን ተናጋሪ አድርጎ መረጠ። ካድሬዎቹ ለአዲሱ መንደር ካስማ የቸከሉት ረባዳው መስክ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት። አምቦ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይህን በአማርኛ አስረድቶ ካላስለወጠ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከነልጆቹ ጭቃ ላይ ሊሠፍር ነው።

ይገዙ የሚባል የጊንጪ መምህር ሊያለማምደው ተነሣ። ተማሪዎች ሲወጡ ባዶ ክፍል ውስጥ ያቆመዋል። ዱላውን አስጣለው፤ መሬት መሬት አይዩ፣ ሕዝቡን ይዩ አለው። ሌታ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥርም ሊያበረታታው «እሺ፣ ኦቦ ሌታ» ይለዋል። ንግግሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሁለቱም ደስ አላቸው።

በአምቦው አዳራሽ መፈክሩ አበቃና ስሙ ተጠራ። ቀና ብሎ ቆመ።

«የተመረጠው መስክ ውሃ ይተኛበታል» አለና ጠበቀ።

በሌታ አገር ሽማግሌ አንድ ሐሳብ ተናግሮ ያርፋል፤ ከተቀመጡት አንዱ «ኤ»፣ አዎን፣ ብሎ ይቀበለዋል፤ ቀጣዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተቀበሉት ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል፤ በላዩ ሌላ መደረብ ነውር ነው። በአዳራሽ ግን ሰው የሚሰማው አፉን ዘግቶ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ አፍን ለመዝጋት በቂ ምክንያት ነበር።

ሌታ ያንኑ ደገመና እንደገና ጠበቀ። ከፊት ወንበር አንዱ፣ ጓድ ምላሱን ጭልሞ ሰቅሎት መጣ እንዴ ብሎ አሳቀ። ሰብሳቢው ካድሬ አልሳቀም።

«ጨረስክ?»

«አልጀመርኩም» አለ ሌታ።

ይህ ንቀት መሰለ። ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣና፣ ምሥረታውን የሚያደናቅፍ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ቀስ ብሎ ተናገረ። ይገዙ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ቀጥል እያለ በእጁ ይጠቅሳል፤ ሌታ አላየውም። ያኔ ከሌታ ጋር የመጣችው የሴቶች ማኅበር ተወካይ አሰፋሽ ከኋላ ወንበር «ኤ» አለች።

አዳራሹ ዞረ።

«ማነው የሚያቋርጠው?»

«አላቋረጥኩም፣ ጓድ። እየተቀበልኩት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይናገርም።»

ሰብሳቢው ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። የገበሬ ልጅ ነው ይሉ ነበር፤ ለምን እንደፈቀደ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰው ለክፋቱ ምክንያት ያበዛል፤ ለበጎነቱ ብዙ ጊዜ አያቀርብም።

«ቀጥሉ» አለ፣ ሁለቱንም።

ሌታ ስለ ሐምሌ ጎርፍ ተናገረ። ኤ። በመስኩ ላይ ሰምጠው ስለቀሩት በሬዎች። ኤ። ዳገቱ ላይ ስላለው ደረቅ መሬት ሲደርስ የሚቀበሉት ሌሎችም ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በሳምንቱ ካስማዎቹ ተነቅለው ዳገቱ ላይ ተቸከሉ። ወደ አንድ መንደር መሰብሰቡ ራሱ ግን አልቀረም፤ ያንን ማንም ሊቃወም አይችልም ነበር። ጥር ሳይወጣ ሌታ ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ማገሩን በአህያ ጭኖ ዳገቱን ወጣ።